የቤት ኮምፒዩተርና ጠባቂው

ቤት የሠራ ሰው አጥር ያጥራል፤ በሩንም ዘግቶ ያድራል። እህል በጎተራ ያስገባ ገበሬም ነቀዝ እንዳይበላበት አስቀድሞ ያስባል። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ከጎተራ የማያንስ ሀብት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተከማችቶ ሳለ፥ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የቤተ ሰብ ኀላፊ ጥቂት ነው። የልጆች ክርስትናና የሠርግ ፎቶግራፍ፥ በሞት የተለዩን ወላጆች ድምፅ፥ ተማሪው ዓመት ሙሉ የደከመበት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚያ ይገኛል። ገንዘብ ቢጠፋ ሠርቶ መተካት ይቻላል፤ የሞተ አባት ድምፅ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ዳግመኛ አይቀዳም። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ኮምፒዩተር ጥበቃ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

የኮምፒዩተር ቫይረስ የሚባለው ሰው ለክፋት የጻፈው ፕሮግራም ነው። ስሙን ከበሽታው የወሰደው ራሱን እያባዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ነው። ከክፉ ፕሮግራሞች አንዳንዱ የይለፍ ቃል ይሰርቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፋይልን በምስጢር ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል። በግንቦት 2009 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017፥ ዋናክራይ የተባለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም 150 በሚያህሉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። ለመክፈቻ 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች የሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ፕሮግራሙ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ በመጋቢት አውጥቶ ነበር። ያን ማሻሻያ በጊዜው የተቀበለ ኮምፒዩተር በዚያ ቀዳዳ አልተደፈረም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

በአገራችን ቫይረስ ወደ ቤት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ፍላሽ ነው። ተማሪው ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወስዳል፤ በዚያም የብዙ ሰው ፍላሽ የገባበት ኮምፒዩተር ይቀበለዋል። ወደ ቤት ተመልሶ ሲከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ያገኛቸዋል። በዚህ ጊዜ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ አይገባም፤ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውምና። ሾርትከቱንም መጫን ቫይረሱን በገዛ እጅ መቀስቀስ ነው። የሚሻለው ፍላሹን በፀረ ቫይረስ አስፈትሾ የተደበቁትን ፋይሎች ማውጣት ነው። የማናቸውንም ሰው ፍላሽ ከመክፈት በፊት መፈተሽ የቤቱ ሁሉ ልማድ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው በር ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ነው። ዋጋ ላለመክፈል ሲባል እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚጭን ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ የሚል መመሪያ ያገኛል። ዘበኛህን አስወጥተህ አስገባኝ ለሚል እንግዳ በሩን የሚከፍት ማን ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በዚህ ይፈጸማል።

እንግዲህ ፀረ ቫይረስ እንዴት ይመረጣል? በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባለው ጠባቂ ያለ ተጨማሪ ዋጋ አብሮ ይመጣል፤ ሳይጠፋና ማሻሻያው ሳይቋረጥ ከቆየ ለተራ ቤት በቂ ነው። ሌላ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው የሻጩን ማስታወቂያ ብቻ አይመን። በጀርመን አገር በማግደቡርግ ከተማ ያለው ኤቪ ቴስትና በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ልዩ ልዩ ፀረ ቫይረሶችን እየፈተኑ ውጤታቸውን ይገልጻሉና ያን መመልከት ይጠቅማል። ሁለት ፀረ ቫይረስ ባንድነት መጫን ግን ጥበቃውን አያጠነክርም፤ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ኮምፒዩተሩን ያዘገዩታል። ኢንተርኔት ሲከፈት ድንገት ብቅ ብሎ ኮምፒዩተርህ ታሟል፥ በዚህ ስልክ ደውል የሚለውም ማስጠንቀቂያ የአታላዮች ወጥመድ ነውና ገጹን መዝጋት እንጂ መታዘዝ አይገባም።

ማሻሻያ የማያገኝ ጠባቂ የድሮውን ሌባ ብቻ የሚያውቅ ዘበኛ ነው። ኢንተርኔት ሁልጊዜ በማይገኝበት ቤት ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ አገናኝቶ ማሻሻያውን ማውረድ ያስፈልጋል። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ ተቋረጠ፥ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ይገባል። ለልጆችም ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለው የራሳቸውን አካውንት መክፈት መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ፈጽሞ የማይሸነፍ ጠባቂ የለም። ስለዚህ የማይተካውን ነገር ሁሉ በሌላ ሐርድ ዲስክ ገልብጦ፥ ሐርድ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ በሣጥን ማኖር የመጨረሻው መድኅን ነው። ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ ግን ቫይረሱ ሁለቱንም ባንድነት ሊቆልፋቸው ይችላል።

ወላጆች ሆይ፥ ይህ ሥራ በወር አንዲት ሰዓት ቢፈልግ ነው። ከልጆቻችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ፈጽሙት፤ ማሻሻያውን እነርሱ ይመልከቱ፥ የሚገለበጠውን እናንተ ምረጡ። ልጆቻችሁም ነገ ቤት ሲመሠርቱ የአያታቸውን ድምፅ ለልጆቻቸው ለማሰማት ይበቃሉ።