የነርሷ ወገብ በካሜራ ፊት

ሕመምተኛን ማንሳት ዕቃ እንደ ማንሳት አይደለም። ሰው እጀታ የለውም፤ አካሉ ይተጣጠፋል፣ ይዝላል፣ ከእጅ ካመለጠም ይጎዳል። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የነርሶችን ሸክም አንስቶ ይህንኑ የጻፈው በ1965 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ ግን እስከ ዛሬ አልተነቀለም።

ለአሥርተ ዓመታት የተሰጠው መልስ በትክክል ማንሳትን ማስተማር ነበር። "እግርሽን ከፈት አድርጊ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጀርባሽን አታጉብጪ፣ ሕመምተኛውን ወደ ራስሽ አስጠጊ፣ በወገብሽ አትዙሪ።" የነርሲንግ ተማሪ ሆኖ ይህን በስኪል ላብ (በመለማመጃ ክፍል) ያልሰማ አይገኝም። ፈተና ላይ ጻፉ ቢባሉ አንድም ሳያጎድሉ ይጽፉታል። ነገሩ የሚበላሸው አልጋው ጋ ሲደርሱ ነው። ሰው የራሱን ጀርባ አያይም፤ ቀና ልበል ብሎ ያሰበ ሁሉ ቀና ያለ ይመስለዋል። አስተማሪው "ጎብጠሻል" ሲላት ተማሪዋ "ኧረ በፍጹም!" ትላለች። እየዋሸች ግን አይደለም።

ቪዲዮ የገባው በዚህ ክርክር መሃል ነው። ሐሳቡ ከነርሲንግ አልተነሳም። በ1963 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለን እና ባልደረቦቹ እጩ መምህራን አጭር ትምህርት ሲሰጡ እየቀረጹ፣ ራሳቸውን መልሰው እንዲያዩ ማድረግ ጀመሩ። ያኔ ከባድ መሣሪያ የጠየቀው ሥራ ዛሬ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ስልክ ይበቃዋል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ብልሃት ይፈልጋል። አንዷ ተማሪ ሕመምተኛ ሆና ትተኛለች፣ ሌላዋ ወደ ዊልቸር ታዛውራታለች፣ ሦስተኛዋ ከጎን በኩል ትቀርጻለች፤ ከፊት ከተቀረጸ የጀርባው መጉበጥ አይታይም። እውነተኛ ሕመምተኛ ለልምምድ አይቀረጽ። ቪዲዮው መጀመሪያ ሲከፈት ማንም ወገቡን አያይም፤ የሚያየው ፀጉሩን፣ ፊቱንና ጋውኑን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ለሳቁ ይተው። በሁለተኛው ዙር ተማሪዋ ያየችውን ራሷ ቀድማ ትናገር፣ አስተማሪው ኋላ ይጨምር። እዚህ ላይ ሱ ሂግኔት እና ሊን ማክአታምኒ በ2000 ያሳተሙት ሬባ የተባለ መመዘኛ ያግዛል። ምስሉ ከባዱ ቅጽበት ላይ ይቆማል፤ አንገት፣ ወገብ፣ እግርና ክንድ የታጠፉበት መጠን ከሸክሙ ጋር ታይቶ ከ1 እስከ 15 ነጥብ ይሰጠዋል። 11 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አሠራሩ አሁኑኑ ይለወጥ ማለት ነው። በጃፓን ደግሞ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለቪዲዮ ጌም በተሠራው የኪኔክት ካሜራ የተማሪዎችን ሕመምተኛ የማዛወር ችሎታ የሚመዝን ሥርዓት ሠርተው ሞክረዋል።

ግብረ መልስ ሲበዛም ጣጣ አለው። ሳልሞኒ፣ ሽሚት እና ዋልተር በ1984 እንዳስገነዘቡት፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የሚታረም ሰው እርማቱ ሲቀርበት ይንገዳገዳል።

አሁን ወደማይመቸው እውነት እንምጣ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ማራስ እና ባልደረቦቹ በወገብ ላይ የሚያርፈውን ጫና ለክተው በ1999 ውጤቱን አሳተሙ። በሙከራው የምትነሳው "ሕመምተኛ" 50 ኪሎ ያህል ብቻ የምትመዝንና የምትተባበር ነበረች። እንዲያም ሆኖ አደጋው ከፍተኛ ሆነ፤ ለሁለት ሆኖ ማንሳትም ከአደጋ አላወጣም። በ2007 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ዋተርስ በእጅ ለሚነሳ ሕመምተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ 16 ኪሎ ገደማ ነው። 16 ኪሎ የሚመዝን ሕመምተኛ የሚገኘው ሕፃናት ክፍል ነው! በ2008 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ የአነሳስ ሥልጠና የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም። የእንግሊዝ የነርሶች የሙያ ማኅበር በ1996፣ የጃፓን መንግሥት በ2013 መመሪያቸው ሕመምተኛን በክንድ ጉልበት ብቻ ማንሳት በመርህ ደረጃ ይቅር ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ቪዲዮው ይጣል? አልልም። የሚያሳስበኝ ካሜራው ተማሪዋ ላይ ብቻ ሲተከል ጥፋቱም የእሷ ብቻ መምሰሉ ነው። ጥቂት ወደ ኋላ ይሳብ። ያኔ ከፍና ዝቅ የማይል አልጋ፣ ፍሬኑ የማይዝ ዊልቸር፣ ሰው የማያሳልፍ የአልጋዎች መጠጋጋት አብረው ይታያሉ። አልጋው እጅግ ዝቅ ካለ ጉልበት ማጠፉ ብቻ አያድናትም፤ ጎንበስ ማለቷ አይቀርም። እንዲህ ያለው ቪዲዮ መታየት ያለበት በተማሪዋ ብቻ ሳይሆን አልጋ በሚገዛው ክፍልም ነው።

አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) የሚሠሩ ወገኖቻችን ሕመምተኛ ማንሻ ማሽን ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እኛ አገር ግን ሕመምተኛውን ሲያገላብጥና ሲያነሳ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው፤ እሱን ደግሞ ስኪል ላብ ያስገባው የለም። በራሳቸው ቪዲዮ የተማሩት ተማሪዎች ለአስታማሚዎች አጭር ቪዲዮ ቢያዘጋጁ ወጪው ከአንድ ስልክ አይበልጥም፦ አባትን ወደ ጎን እንዴት ማዞር፣ እናትን አልጋው ጫፍ ላይ እንዴት ማስቀመጥ፣ ብቻን መሞከር ትቶ ሲስተርን መጥራትስ መቼ እንደሚያስፈልግ።