አንድ ሳምንት በተራራው መንደር

«አብረን የጸለይነው መቼ ነው?»

ባለቤቴ ይህን የጠየቀችኝ ሊዮን ከተማ በሚገኘው ቤታችን፣ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነበር። እርሷ ደግሞ ለሥራ ልትወጣ ኮቷን ለብሳለች። መልስ አጣሁ። የቤት ኪራዩ በጊዜው ይከፈላል፤ እሑድም ከአምልኮ አንቀርም። ነገር ግን ለወራት የተነጋገርነው በር ላይ ስንተላለፍ ብቻ ነበር።

ጌታ ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ፣ ሕዝብ ከሚበዛበት ገለል ብለው እንዲያርፉ መክሯቸዋል (ማር. 6፥31)። እኛም በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠየቅን።

የገበሬው ቤት

የሄድነው በደቡብ ፈረንሳይ ወደሚገኙት የሴቬን ተራሮች ነው። የተከራየነው ቤት በፈረንሳይኛ «ዢት» ይባላል። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው ማረፊያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1951 በደቡባዊ የአልፕስ ተራሮች ነበር። ሰው ወደ ከተማ እየፈለሰ የገጠር ቤቶች ሲፈርሱ፣ ቤቶቹን አድሶ ማከራየት ለገበሬው ገቢ፣ ለከተማ ቤተሰብም በቀላል ወጪ የሚገኝ ዕረፍት ሆነ። እንግዳው እንደ ሆቴል አይስተናገድም። ራሱ ያበስላል፤ ሲወጣም ቤቱን አጽድቶ ያስረክባል።

የእኛ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያውም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ከበስተኋላው በእርከን የተሠራ ተዳፋት አለ። በእርከኑ ላይ ሻቴኝ የሚባለው ዛፍ በቅሏል። የአካባቢው ሰዎች «የእንጀራ ዛፍ» ይሉታል፤ ድሆች ፍሬውን አድርቀውና ፈጭተው ክረምቱን ይገፉበት ስለነበር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከበዱኝ። ስልኬ አይሠራም፤ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን እወጣና እወርዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን የምሸሽበት ጠፋ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ተቀመጠችና፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ባል እያለኝ ብቻዬን ነው የኖርኩት» አለችኝ። ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ ዝም አልኩ። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። አለቀስንም።

በምድረ በዳ የተጋቡ

በማግስቱ ማስ ሱቤራን ወደምትባል ትንሽ መንደር ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንቶችን አምልኮ በፈረንሳይ ከለከለ። በሴቬን የነበሩት አማኞች በዋሻና በጫካ ተሰበሰቡ፤ ያንንም ዘመን በእስራኤል ጉዞ መስለው «ምድረ በዳ» ብለው ጠሩት። ሲጠመዱ የነበሩት ሰባክያን በስቅላት፣ የተያዙት ወንዶች በመርከብ ቀዛፊነት፣ ሴቶቹ ደግሞ በእስራት ይቀጡ ነበር። በማስ ሱቤራን፣ ከ1702 ጀምሮ ከንጉሡ ጦር ጋር ከተዋጉት መሪዎች አንዱ በነበረው በሮላን ቤት ውስጥ፣ ዛሬ «የምድረ በዳ ሙዚየም» ይገኛል። ሴቶች በጸጉራቸው ውስጥ የሚሸሽጉት ትንሽዬ መጽሐፍ ቅዱስና ተጣጥፎ የሚደበቅ የስብከት ሰገነት አይተናል። በአገራችንም በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ምእመናን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ስለዚህ ዕቃዎቹ ለእኛ እንግዳ አልነበሩም።

የነካን ግን የትዳራቸው ነገር ነው። በዚያ ዘመን በካቶሊክ ቄስ ፊት ያልተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ጋብቻ አልነበረም፤ ልጆቹም እንደ ዲቃላ ይቆጠሩ ነበር። ሕጉ ለእነዚህ ባለትዳሮች እውቅና የሰጠው በ1787 ነው። ያም ሆኖ ብዙዎች በየበረሃው በመጋቢዎቻቸው ፊት ቃል ኪዳን ይገቡ ነበር። ማሪ ዱራን የተባለችው ወጣት ትዳር በያዘችበት ዓመት፣ በ1730 ታስራ፣ እምነቷን ክዳ መውጣት ስትችል 38 ዓመት በእስር ኖራለች። የተፈታችው በ1768 ነው። በግንቡ ድንጋይ ላይ «ጽና» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተቀርጾ ይታያል፤ የእርሷ እጅ ሥራ እንደሆነም ይነገራል።

ስንወጣ ባለቤቴ እጄን ያዘች። «እነርሱ ይህን ሁሉ ከፍለው ተጋቡ። እኛን ማን ከለከለን?» አለች።

ከተመለስን በኋላ

የሌሊት ሥራዬ አልቀረም። ነገር ግን ሐሙስን ለሁለታችን ለየን፤ ስልኮቻችን መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ አብረን እንበላለን፤ እንጸልያለን። አንዳንድ ሐሙስ ያመልጠናል። ያን ጊዜ ይቅርታ መጠየቅን ተምረናል።

በአውሮፓ የምትኖሩና ይህን ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ፦ በሐምሌና በነሐሴ ዋጋው ስለሚወደድ ቀደም ብላችሁ ያዙ። በበጋ ወራት ኪራዩ ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። አውቶቡስ እምብዛም ስለሌለ መኪና ያስፈልጋል። አንሶላና ፎጣ መያዝ እንዳለባችሁ ጠይቁ። በመጸው ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንዞቹ በድንገት ስለሚሞሉ ከወንዝ ዳር ራቁ። በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ በማስ ሱቤራን በዛፎቹ ጥላ ሥር በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቴስታንቶች ለአምልኮ ይሰበሰባሉ።

መሄድ የማትችሉስ? ጸጥታ በተራራ ላይ ብቻ አይገኝም። ዛሬ ማታ እናንት ባለትዳሮች እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦

• አብረን የጸለይነው መቼ ነው?
• ሳንነጋገር ያሳለፍነው ነገር ምንድን ነው?
• በሳምንት ውስጥ የሁለታችን ብቻ የሚሆነው የትኛው ሰዓት ነው?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።