«የፈረንጅ ዋጋ» … ለማን ነው?

ለመሆኑ «የፈረንጅ ዋጋ» የሚባለው ነገር ተገቢ ነው ትላላችሁ? እኔ ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው፣ ዋጋው በር ላይ ተለጥፎ፣ ደረሰኝ የሚቆረጥ ከሆነ አይከፋኝም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለመጎብኘት የውጭ ዜጋ ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ከፍሏል። ሊያስቀድስ የመጣ ምዕመን ግን ትኬት ቁረጥ አይባልም። ቅርሱን ጠብቆ ያቆየው እሱ ነዋ! ህንዶችም በ2018 እ.ኤ.አ. የታጅ ማሃልን መግቢያ ለአገሬው 50፣ ለውጭ ሰው 1,100 ሩፒ አድርገውታል። ተጽፏል፤ ያልተስማማው ይመለሳል።

ሁለተኛው ግን ፊት ታይቶ የሚጠራው ዋጋ ነው። እሱ ላይ አልስማማም። ፈረንጅ ሲሆን የኮንትራት ታክሲው ሂሳብ እጥፍ! የሚብሰው ደግሞ ወደ ራሳችን ሰው ሲዞር ነው። አክስቴ ከ20 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጥታ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ጠየቀች። አማርኛዋ ሰበር ሲል ሻጩ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው። ያንኑ ነጠላ እኔ ስጠይቅ በግማሽ ወረደ። እሷን ያሳዘናት ገንዘቡ አልነበረም። «አገሬም ላይ ፈረንጅ ሆንኩ?» ብላ አንገቷን ደፋች።

«ዶላር አላቸው እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ ሀብታም ጎረቤታችሁ ዳቦ ሲገዛ እጥፍ ይከፍላል እንዴ?

ወገኖቼ፣ የእንግዳ እግር በሚታጠብበት አገር ኪሱን ማጠብ ነውር ነው። መጨመር ካለባችሁም በግልጽ ጽፋችሁ ጨምሩ!