ግብዣው ለተመራማሪዋ ነው፤ አያትስ?

ቢሾፍቱ የምትታወቀው በሐይቆቿ ብቻ አይደለም። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ እንዲሁም የክትባቶችን ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል የሚገኙት በዚህችው ከተማ ነው። ከብቶቻችንን ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ የዚያ ዓይነቱ ድል የሚጀመረው እንዲህ ባሉ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ነው።

እርስዎም ምናልባት ነጭ ጋዋን ለብሳ እዚያ የምትውል ልጅ ትኖርዎት ይሆናል። እርሷ በጥናቷ ላይ ስታመሽ ሕፃኑን የሚያስተኙት፣ ጠዋትም አልብሰው ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ አንድ ቀን ከአሜሪካ «መጥተሽ ከእኛ ጋር ሥሪ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳትስ?

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «በምን ዓይነት ፈቃድ?» ተብሎ ነው። «ጄ ዋን» የሚባለው የልውውጥ ቪዛ ጊዜያዊ ነው። ወጪው በመንግሥት የተሸፈነላት ከሆነ፣ ግዴታው ካልተነሳላት በስተቀር ሁለት ዓመት አገሯ ተመልሳ ሳትኖር የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ አታገኝም። «ኤች ዋን ቢ» የተባለው የሥራ ቪዛም ጊዜያዊ ሲሆን፣ ባሏ አብሯት ቢሄድም በአብዛኛው ሥራ መያዝ አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታወጀ። ይህን ከፍሎ የሚያስመጣ ላቦራቶሪ በቀላሉ እንደማይገኝ መገመት አያዳግትም።

በሥራ በኩል ቋሚ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድም አለ። ለታወቁ ተመራማሪዎች በተመደበው ክፍል ቢያንስ የ3 ዓመት የምርምር ወይም የማስተማር ልምድ፣ የቋሚ ሥራ ውልና በሙያው ዓለም አቀፍ እውቅና ይጠየቃል። እውቅናው የሚመዘነው በታተሙ ጥናቶች፣ ሌሎች ስለ ሥራዋ በጻፉት፣ በሽልማትና በራሷ ግኝት ነው።

ግኝት ሲባል ግን የግድ ከትልቅ መሣሪያ የሚወጣ አይምሰልዎ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። እንዶድን እናቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ማንም ግን ያንን አልጻፈውም ነበር። ከዚሁ የተነሳው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውንና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን ለዓለም አቀፍ ሽልማት አበቃ። ስለዚህ ልጅዎ በቢሾፍቱ የምትመዘግበው ውጤት ሁሉ በስሟ ይታተም። ለአለቃ ስም ማሞቂያ ብቻ ሆኖ የቀረ ጥናት ዶሴ ውስጥ አይገባላትም።

አሁን ወደ እርስዎ እንመለስ። በዚያ አገር የሥራ ፈቃድ ሕግ «ቤተሰብ» ማለት ባልና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች ናቸው። ሕፃኑን ያሳደገችው አያት በዚያ መዝገብ የለችም። ልጅዎ ቋሚ ነዋሪ ብትሆንም እናቷን በቋሚነት ማስመጣት አትችልም፤ ለዚህ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ዜግነት ለመጠየቅ ደግሞ ቋሚ ፈቃድ ካገኘች በኋላ በአብዛኛው 5 ዓመት መቆየት አለባት። «እናትሽንም በአንድ ዶሴ እናስገባለን» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

በጎብኚ ቪዛ መሄድ ይቻላል። በቃለ መጠይቁ ላይ ቤትዎን፣ ሥራዎን ወይም ጡረታዎን፣ እዚህ የሚቀሩትንም ልጆችዎን ጠቅሰው እንደሚመለሱ ማሳመን ይጠበቅብዎታል። ቢፈቀድ እንኳ ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም፤ ሕፃኑ ግን ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል።