ከፍታው ነው ወይስ ቱቦው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተር ሳይክል አቀበት መሃል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚከሰሰው ከፍታው ነው፤ ቀጥሎ ቤንዚኑ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። እሺ። ግን ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ወደ ጮቄ ስትወጡ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ትንሽ አሳርፎ፣ መልሶ አያስነሳም።

እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ፣ በተለይ ሰሞኑን ተፈትቶ ከተገጠመ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የቤንዚን ቱቦውን ነው። ታንከሩ ሲመለስ ቱቦው ከሥሩ ተጣጥፎ ወይም ተጨፍልቆ ይቀራል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ጥቂት ቤንዚን ስለሚበቃው ምንም አይታወቅም። አቀበት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ግን ካርቡሬተሩ ውስጥ ከሚገባው የሚቃጠለው ይበልጣል፤ ቀጥ ይላል። ቆማችሁ ስትጠብቁ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ይነሳል። ያኔ «ቤንዚኑ ውኃ አለው» ይባላል።

ከካርቡሬተሩ የሚወርደው የትርፍ ቤንዚን ማፍሰሻም ጫፉ ከጋለ ማርሚታ ይራቅ፤ እሳት ነው።

የፊት ፍሬን ቱቦ ደግሞ ይብሳል። መንገዱን ስቶ ከታሰረ መሪው ሲዞር ይወጠራል፣ ይፈገፈጋል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ያንን ጠመዝማዛ ከመውረዳችሁ በፊት፣ እዚያው ጋራዥ በር ላይ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩት። ቱቦው ከተሳበ እንደገና ይፈታ።

ስልክ ደግሞ በእጃችሁ ነው። ታንከሩ እንደተነሳ፣ ሌላው ሳይነካ፣ ከሁለቱም ጎን ፎቶ አንሱ። አንዳንዱ መካኒክ ቅር ይለዋል። ይበለው።