ሳያረጅ «አረጀ» የተባለ ኮምፒዩተር

አንድ ኮምፒዩተር አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያቋርጥ፣ በማግሥቱ ኮምፒዩተሮቹ እንደ ወትሮው ተነሥተዋል፤ ትራንዚስተሮቻቸው አልደከሙም። የቆመው ጥገናው ነው። በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር አምራቹ መድፈኛ ይልካል፤ ይህ ሲቋረጥ አዲስ የተገኘው ቀዳዳ ለሰርጎ ገቦች ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 ለምን አይሻገሩም? ኩባንያው ደኅንነትንና አስተማማኝነትን ምክንያት በማድረግ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች በዝርዝር ወስኗል። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ ዝርዝሩ ግን ያስቆጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ኢንቴል ኮር አይ7-7700 አራት ኮሮች አሉት፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀውን ቲፒኤም 2.0ንም ይደግፋል። ሆኖም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሴሌሮን ኤን4000 ግን ሁለት ኮሮችና 1.1 ጊጋኸርዝ መነሻ ፍጥነት ይዞ ያልፋል። በየትኛው ሚዛን እንደሆነ ለፊዚክስ መምህር ማስረዳት ይከብዳል።

እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ሊኑክስን ሊጭንበት ይችላል፤ ለጽሑፍ፣ ለስሌትና ለፕሮግራሚንግ ይበቃዋል። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ግን፣ በተለይም አንዳንድ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎችን የሚያንቀሳቅሱት፣ አብረውት ላይሻገሩ ይችላሉ።