መርፌ የምታርፍበት ነጥብ

የሞተ ስልክ ይዘን ጥገና ቤት ስንገባ ባለሙያው ቶሎ ብሎ የሚያነሳው መልቲሜትሩን ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ጫፍ ቦርዱ ላይ እያሳረፈ፣ ሾርት ያደረገውን መስመር በድምፁ ያድናል። ቦርዱ በተሠራበት ፋብሪካም ሥራው ያው ነው። ግን እዚያ አንዱ ቦርድ ብቻውን በሺህ የሚቆጠር የብየዳ ነጥብ ይኖረዋል፤ ጊዜውም በሰከንድ ይለካል።

ቦርዱ ሶልደሩን ከሚያቀልጠው ምድጃ እንደወጣ ካሜራ ያየዋል። የጎደለ፣ የተገለበጠ ወይም የተጣመመ ዕቃ ካለ ይይዛል። 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ሬዚስተር በሁለቱ ጫፎቿ ያለው ሶልደር እኩል ካልቀለጠ፣ ቀድሞ የቀለጠው ወገን ይጎትታትና በአንድ ጫፏ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሙያተኞቹ "የመቃብር ድንጋይ" ይሏታል። ካሜራው እሷን አይስትም።

ዓይን ግን ኤሌክትሪክ አያይም። ስለዚህ ቦርዱ "የምስማር አልጋ" በሚሉት ላይ ይተኛል። አልጋው በስፕሪንግ ከፍ ዝቅ የሚሉ፣ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ መርፌዎች የተተከሉበት ነው። ቦርዱ ሲጫን እያንዳንዷ መርፌ በተተወላት ነጥብ ላይ ታርፍና ሾርቱ፣ የተቆረጠው መስመር፣ የሬዚስተሩ ኦም ሁሉ ወዲያው ይታወቃል። አልጋው ውድ ነው፤ የሚያገለግለውም ለአንድ ዓይነት ቦርድ ብቻ ስለሆነ ለሃያ ቦርድ አያዋጣም። ለዚያ ጥቂት መርፌዎችን ከነጥብ ወደ ነጥብ እያዘዋወረ የሚለካ፣ ዘገም ያለ ማሽን አለ።

ቺፖች እግራቸውን ሆዳቸው ሥር በሶልደር ኳስ ሲደብቁ ግን ካሜራው አያይ፣ መርፌዋ አትደርስ ሆነ። ኤክስሬይ የኳሱን ቅርጽና ውስጡ የታፈነውን አየር ያሳያል። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ሌላው መላ ነው፤ ቺፑ ራሱ ከውስጥ እንዲመሰክር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1985 የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ጄታግ የተባለውን ቡድን አቋቋሙ፤ ሐሳባቸውም በ1990 አይ ትሪፕል ኢ 1149.1 የሚባል ስታንዳርድ ሆኖ ጸደቀ። በእያንዳንዱ የቺፕ እግር ሥር አንዲት ትንሽ መመዝገቢያ ትቀመጣለች፤ ሁሉም እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው በአራት ሽቦ ብቻ ይነበባሉ። አንዱ ቺፕ በእግሩ 1 ይልካል፣ ጎረቤቱ የደረሰውን ያነባል። 0 ካነበበ መሐል ላይ ያለው ግንኙነት ተበላሽቷል። የሞባይል ጠጋኞች የሞተ ስልክ ሲያስነሱ የሚገቡበት "ጄታግ"ም ይኸው በር ነው።

በመጨረሻ ቦርዱ መብራት ተሰጥቶት የተሠራበትን ሥራ ይሠራል። ይህ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ለጊዜው የነካ ደካማ ብየዳ ይህን ፈተና አልፎ ደንበኛው እጅ ላይ ሊከዳ ይችላል።

ቦርድ የምትነድፉ ተማሪዎች፣ ዲዛይኑን ለፋብሪካ ከመላካችሁ በፊት ለየመስመሩ መርፌ የምታርፍበት ነጥብ ተዉለት። ቦርዱ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ቦታ አይገኝለትም።